ሁለቱ ሞያሌዎች ካዛንቺስ ሲገቡ

ከተመለስኩ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። የመምህራን ክበብ ውስጥ ሻይ ይዤ በተቀመጥኩ ቁጥር "እስቲ አዲስ አበባን ንገረን" የሚለኝ አልጠፋም። ለአንዱ ተርኬ ስጨርስ ሌላው ይገባና ከሀ እንድጀምር ያደርገኛል። በቃ ሰለቸኝ። ጽፌ ክበቡ ውስጥ ላስቀምጥላችሁና እየተቀባበላችሁ አንብቡት። ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ካዛንቺስን ለማየት ጊዜውም አቅሙም የሌለው እንደሚበዛ አውቃለሁ፤ ስለዚህ መንገዱንም፣ አልጋውንም፣ ምግቡንም ሳልሸሽግ እጽፋለሁ። ያጠፋሁትንም ጭምር።

ይህ ወረቀት ሞያሌን የማያውቅ ሰው እጅ ከገባ፣ እኛ የምንኖረው ድንበር መሃሏን በቆረጣት ከተማ ነው። ወዲህ ያለው ሞያሌ የኢትዮጵያ ነው፣ ወዲያ ያለው ሞያሌ የኬንያ። የጎረቤቴ ፍየል በቀን ሦስት ጊዜ አገር ትቀይራለች፤ ፓስፖርት የጠየቃት የለም። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በየዓመቱ አስረኛ ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ እሰቅላለሁ፦ በግራ የእኛ የልማት ስልት፣ በቀኝ የእነሱ። መሬት እኛ ዘንድ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ እነሱ ዘንድ ካርታ ያለው ይሸጠዋል ይለውጠዋል። ስልክ እኛ ዘንድ አንድ ድርጅት ነው፤ እነሱ ዘንድ ጃንጥላ ዘርግቶ ሲም የሚሸጥ ጎረምሳ መንገዱን ሞልቶታል። እኛ ከግብርና እንነሳለን፣ መንግሥት ከፊት ይሄዳል። እነሱ ነጋዴውን ያስቀድማሉ።

ይህን ሰንጠረዥ ለጥናት የመጣ አንድ ሰው አየና የጎረቤት አገሮችን የልማት ስልት የሚያወዳድር ስብሰባ ላይ ቀርቤ እንዳብራራው ጋበዘኝ። ስብሰባው ካዛንቺስ፣ እኔ ተወልጄ ያደግኩበት ሰፈር። ከወዲያ በኩል የተጋበዘው ደግሞ ሞሉ ነው። ሞሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቀው ልንገር። የኬንያው ሞያሌ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚክስ መምህር ነው፣ ቦረና ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ሻይ ላይ ተከራክረን ተሸናንፈን አናውቅም። አማርኛውን የተማረው እኛ ገበያ ውስጥ ከበግ ነጋዴ ጋር ሲከራከር ስለሆነ "እርስዎ" የሚባል ነገር አያውቅም። ቄሱንም፣ አስተዳዳሪውንም፣ አማቴንም "አንተ" እና "አንቺ" ነው የሚላቸው።

እሁድ

ጎህ ሳይቀድ ተሳፈርን። እኔ ሰንጠረዤን ጠቅልዬ፣ ለእህቴ ለጽጌ አንድ ቆርቆሮ የቦረና ቅቤ ይዤ። ሞሉ አንድ ትንሽ ሻንጣና አንድ ስልክ። ቅቤውና ሰንጠረዡ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ተጫኑ። ረዳቱን "ለየብቻ አድርግልኝ" ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

አስፋልቱን የምታውቁት ነው፣ ስለሱ አላደክማችሁም። ሞሉ ግን በዚህ አቅጣጫ ከያቤሎ አልፎ አያውቅምና መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። እነሱ ወደ ናይሮቢ ሲሄዱ ከብት የጫነ መኪና ላይ ወጥተው፣ አቧራ ቅመው፣ ድንጋይ ሲያንገጫግጫቸው ውለው አድረው ነው የሚደርሱት። የእኛ መንግሥት መጀመሪያ መንገድ ሠርቶ ነጋዴ እስኪመጣበት ይጠብቃል፣ የእነሱ ነጋዴ በጎማው መንገድ አውጥቶ መንግሥት እስኪያስተካክልለት ይጠብቃል አለኝ። ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት። ሃያ ዓመት ስንከራከር አንድ ነጥብ በነጻ የሰጠኝ ያን ቀን ነው።

ያቤሎ ለምሳ ወረድን። ሞሉ ልጋብዝ ብሎ ኪሱ ገባና ስልኩን አወጣ። ያኔ ፊቱ ተለወጠ። እነሱ ገንዘባቸውን ስልክ ውስጥ ማስቀመጥ ከጀመሩ ወዲህ ሰውየው ቦርሳ መያዝ ትቷል፤ ስልኩ ደግሞ ድንበሩን ሲሻገር ዲዳ ሆኗል። የሳምንት ስንቁ በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ፣ ግን አንድ ሻይ አይገዛም። ማለቴ፣ የኢኮኖሚክስ መምህር ነው እኮ! እስከ ዲላ ድረስ አሾፍኩበት። አስተናጋጇን ሳይቀር ጠርቼ ነገርኳት።

ዲላ ስንደርስ የእኔ ተራ ሆነ። ረዳቱ ከጣሪያ ላይ ሰንጠረዡን ሲያቀብለኝ እጄ ላይ ተሙለጨለጨ። የቅቤው ቆርቆሮ በፀሐይ ቀልጦ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ፈሷል። የኬንያ ዓምድ ደህና ነው፤ የእኛው ግን ከግብርና እስከ ኢንዱስትሪ ድረስ ቅቤ ጠጥቷል። ሞሉ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ፤ ስቆ ስቆ እንባውን ጠረገ። ያደርንበት አልጋ ቤት ባለቤት፣ እድሜያቸው የገፋ ወፍራም ሴትዮ፣ አይተው ወደ ጓዳ ገቡና አንድ ሰሃን ዱቄት ይዘው ወጡ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ዱቄቱን ነሰነሱበት፣ ቅቤውን እስኪመጥጥ ጠበቁ፣ በላባ ጠረጉት። ለዱቄቱ ልክፈል ብላቸው ተቆጡኝ። ልጃቸው አስተማሪ እንደሆነ፣ እሱም እንዲህ መንገድ ላይ ሰው እንደሚያስፈልገው ነገሩኝ። አልጋው ቁንጫ ነበረው፤ እሳቸው ግን መልካም ሴት ናቸው።

ሰኞ

ሻሸመኔ ላይ ፉል፣ ዝዋይ ላይ አሣ በላን። ሞሉ አሣ ሲያይ እፎይ አለ፤ የማን እጅ እንዳረደው መጠየቅ አያስፈልገውም። ከዝዋይ በኋላ አንቀላፋሁ። ስነቃ ቃሊቲ ነን፣ ጭስና ክላክስ።

ከዚያ በሚኒባስ በሳሪስ አድርገን ጎተራ ደረስን። ጎተራ ማለት መንገድ በመንገድ ላይ የወጣበት ቦታ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች፣ አንዱ ዞሮ ዞሮ ራሱ ጋ ይመለሳል። አጠገቡ ኮንዶሚኒየሙ እስከ ዓይን ማያ ተደርድሯል። ሞሉ ይህን ሁሉ ቤት ማን ሠራው አለኝ፣ መንግሥት አልኩት። ማን ይገባበታል አለኝ፣ ዕጣ የወጣለትና የልማት ተነሺ አልኩት። "የልማት ተነሺ" ምን እንደሆነ ግን አልገባውም፤ ልማት መጣልህ ተብሎ ቤትህ የሚፈርስብህ ሰው ነው ብዬ አስረዳሁት። ወያላው ሰምቶን ሳቀ።

ካዛንቺስ ገባን። እኔ የማውቀው ካዛንቺስ ጓሮ ለጓሮ የሚያሳልፍ፣ ከአንዱ ግቢ ገብተህ በሌላው የምትወጣበት ነበር። አሁን ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ከቆርቆሮው በላይ የመስታወት ፎቅ ይታያል፣ ክሬኑ ሰማይ ላይ ይዞራል። እኛ ሞያሌ በሁለቱም አገር ተፈልጎ አንድ ክሬን አይገኝም። የአባቴ የቀበሌ ቤት ግን እንዳለች አለች፤ ፊት ለፊት ሦስት ጠረጴዛ፣ ከኋላ ወጥ ቤት። ጽጌ እዚያ ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ ትሸጣለች። በስምንት ዓመት ታናሼ ናት። እኔ ገና በወጣትነቴ ሞያሌ ተመድቤ ሄድኩ፣ አግብቼ ቀረሁ። አባታችንን እስኪሞት ያስታመመችው እሷ ናት። "ወንድም ጋሼ" ነው የምትለኝ።

ዶሮ አቆይታልኝ ነበር። ሞሉን ሳስተዋውቃት ስሙን ሰማች፣ "ሙስሊም ነህ አይደል?" አለችው፣ ከዚያ ዶሮዋን ከነነፍሷ ይዛ ግቢውን ተሻገረች። ጎረቤቷ ዘይነባ የወራቤ ሰው ናት፤ ባሏ አረደላት፣ በዘይነባ ድስት ተሠራ። ስለዚህ ለእኔ ስትቀለብ የከረመችው ዶሮ የሞሉ ሆነች፤ ጽጌና እኔ ሽሮ በላን። ሞሉ በርበሬው ዓይኑን እያስለቀሰው ጭልፋ በጨመረችለት ቁጥር "አንቺ፣ ይበቃል" ይላታል፣ እሷም እየሳቀች ትጨምራለች።

ወሬው የመጣው ያኔ ነው። ጽጌ ቆማ እያስተናገደች፣ ሰፈሩ ሊፈርስ መሆኑን ነገረችኝ። የቀበሌ ቤት ያለው ሁሉ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ወይ ጎተራ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ቀስ በቀስ ከፍለው የራስ የሚሆን፤ ወይ ላንቻ አካባቢ ምትክ የቀበሌ ቤት፣ ምድር ላይ ያለ፣ እንደ አሁኑ በኪራይ። ውሉ አሁንም በአባባ ስም ስለሆነ ሁለታችንም መፈረም አለብን። መዝገቡ ሐሙስ ስድስት ሰዓት ይዘጋል። "አንተን ነበር የምጠብቀው ወንድም ጋሼ" አለችኝ።

እኔስ ምን አደረግኩ? ሽሮዬን እንኳ ሳልውጥ ኮንዶሚኒየሙን ነዋ አልኩ። ያስተማርኩትን ሁሉ አወረድኩት፤ የራስ ንብረት፣ የሚጨምር ዋጋ፣ ለዓመታት የኪራይ ደረሰኝ ከመሰብሰብ መገላገል። "ምን ትያለሽ?" አልኳት መጨረሻ ላይ። እሷ የሞሉን ሰሃን አየች፣ አንድ እንቁላል ጨመረችለት፣ "አንተ ካልክ ጥሩ ነው" አለች። እሺ አለች ብዬ ተኛሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ስለ እሷ ብቻ አልነበረም ያሰብኩት። ጡረታዬ እየደረሰ ነው፣ ልጆቼ አዲስ አበባ ይማራሉ ብዬ እመኛለሁ። ጎተራ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አልጋ ለራሴ ዘርግቼ ነበር።

ማክሰኞ

ጠዋት ስብሰባው ሳይጀመር ጽጌና እኔ ቀበሌ ሄደን ፈረምን። ሠራተኛው ሹራብ የለበሰ ትሁት ወጣት ነው። ፎርሙን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ "እርስዎስ ወስነዋል?" አላት። "ወስነናል" ብዬ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ስብሰባው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ማቀዝቀዣው የዲላን ቁንጫ ሳይቀር ይገድላል። ከኡጋንዳ፣ ከሱዳን፣ ከጅቡቲ ሰዎች መጥተዋል፤ ሁሉም በስክሪን ነው የሚያሳዩት፣ በእጁ ወረቀት የጠቀለለ እኔ ብቻ ነኝ። አንዱ ስንዴ ላይ እንትጋ ይላል፣ አንዱ ወደብ ላይ፣ አንዱ ባለሀብቱን ልቀቁት ይላል፣ ሌላው ከለቀቃችሁት ይበላችኋል ይላል። ሞሉ እድል ሲሰጠው ተነስቶ ሰብሳቢውን፣ ሽበታም ትልቅ ሰው ናቸው፣ "አንተ ሊቀመንበር፣ ጥያቄ አለኝ" አላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ሦስቱንም ቀን "የሞያሌው ወዳጄ" እያሉ ነበር የሚጠሩት።

የሆቴሉ ምግብ ከዚያም ከዚያም ጠረጴዛውን ሞልቷል፣ ግን ጣዕም የለውም። ሞሉን ይዤ ጽጌ ጋ ሄድኩ፣ ከኡጋንዳ የመጣው ሰውዬም ተከተለን። የምሳ ሰዓቷን ያኔ ነው ያየሁት። ሰዉ ከየቢሮው ይጎርፋል፣ በግማሽ ሰዓት በልቶ ይሄዳል። ለሹፌሩ ጨው ቀንሳ ታወጣለች፣ ግፊት አለበት። አንዷ ጸሐፊ እርጉዝ ናት፣ ሽታ ስለማትችል መስኮቱ ሥር ተይዞላታል። የፎቁ ግንባታ ጥበቃዎች ቆመው ይበላሉ፤ ሁለቱ ሲበሉ ሁለቱ ይጠብቃሉ። እኛ ሞያሌ ምሳ ማለት ቁጭ ብሎ ማውራት ነው። የኡጋንዳው ሰውዬ ስብሰባው እዚህ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር አለ።

ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ስብሰባው ቀደም ብሎ አለቀ። ቤቱን ላሳያችሁ ብዬ ጽጌንና ሞሉን ይዤ ወደ ጎተራ ወጣሁ፤ ልብ በሉ፣ አሳይ እኔ ነኝ። ላንቻ ስንደርስ ጽጌ "እዚህ ወርደን በእግር ብንሄድስ?" አለች። ወረድን። ትንሽ እንደሄድን በሩ በቀጥታ ወደ መንገድ የሚከፈት አንድ ባዶ ቤት ጋ ቆመች። አረንጓዴ የብረት በር፣ ገርበብ ያለ። ሁለት እጇን ግራና ቀኝ ዘርግታ በሩ ላይ ቆመች፣ ከዚያ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገብታ እንደገና ዘረጋች። ነጠላዋን እያስተካከለች መሰለኝ። "ነይ እንጂ፣ ይመሻል" አልኳት።

ጎተራ አራት ፎቅ በደረጃ ወጣን። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ መስኮቱ መንገዶቹን ሁሉ ያሳያል። እኔ ጥግ ላይ ያለችውን ቦታ በእርምጃ ለካሁ፤ አልጋዬ ይገባል። ጽጌ ሁሉን አደነቀች፤ ብርሃኑን፣ ቧንቧውን፣ የግድግዳውን ቀለም። የጎረቤት ሴት ወጥታ ውኃ ሰጠችን፣ እንጀራ የምትጋግረው የት እንደሆነ ጽጌ ስትጠይቃት ታች ያለውን የጋራ ማብሰያ አሳየቻት፤ ተራ እንደሚጠበቅም ነገረቻት። ጽጌ አመሰገነች። ለሷም ለእኔም ፈገግ አለች።

ስንመለስ እሷ ቀድማን ትሄዳለች፣ ሞሉና እኔ ከኋላ ነን። "እህትህ ይህን ቤት አትፈልገውም" አለኝ።

ራሷ እኮ ናት እሺ ያለችው አልኩት።

"አንተ፣ የጠየቅካት እኔ እየበላሁ ነው። እንግዳ ፊት፣ እያስተናገደች፣ ታላቅ ወንድሟን እምቢ ትበል? የእኔም እህት አትልም። ላንቻ ያለውን በር እኮ በእጇ ለካችው፤ ጠረጴዛ ታስገባ ነበር።"

ከዚያ ስለ ወንድሙ ነገረኝ። ሃያ ዓመት ስናወራ ነግሮኝ አያውቅም። ኢሲዮሎ በምትባል የኬንያ ከተማ መሬት ነበረው፣ ካርታ ያለው፣ የራሱ። ካርታውን አሲዞ ከባንክ ተበደረ፣ ድርቅ መጣ፣ ከብቱ አለቀ፣ መሬቱ በሐራጅ ተሸጠ። አሁን የሰው ዘበኛ ነው። "ነገ መድረክ ላይ እኔ የግሉን አመሰግናለሁ፣ አንተ የመንግሥቱን" አለኝ፤ "እህትህ ቤት ስንገባ ግን ተቀያይረን ነው የገባነው።"

ተናደድኩ። የተናደድኩት እውነት ስለሆነ ነው። ቤት ገብቼ ጽጌ የነገውን ሽንኩርት ስትከትፍ ቁጭ ብዬ አየኋት። ይቺ ልጅ እምቢ ያለችኝን አንድ ቀን ለማስታወስ ሞከርኩ። አባባ ሲታመም በደብዳቤ "አንቺ ነሽ ያለሽው፣ አይዞሽ" ብዬ ጻፍኩላት፣ ቀረች። አንድ ሰው ሊያገባት ሲጠይቅ አባባ ይዳን ብዬ ላክሁባት፣ ተወችው። እያንዳንዱ ላይ ጠይቄያት ነበር ብዬ አምን ነበር። ያን ማታ አፈርኩ፣ ግን ምንም ሳልላት ተኛሁ።

ሐሙስ

የእኔ ንግግር አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰንጠረዤን ሰቀልኩ፤ የቅቤው እድፍ መብራት ሲያርፍበት ያበራል። ሰብሳቢው "የሞያሌው መምህር ይቀጥሉ" አሉ። ቆምኩ። መሬት የሚለው የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጠቋሚውን አስቀመጥኩ። ከፊቴ ሰዓት አለ፤ የቀበሌው መዝገብ ሊዘጋ ሁለት ሰዓት ቀርቶታል። ወደ ሞሉ ሄጄ ጠቋሚውን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። "ሁለቱንም ዓምድ አንተ አንብብ" አልኩትና ወጣሁ።

ካዛንቺስን በዚህ እድሜዬ ሮጬ አቋረጥኩ። ጽጌ ድንች እየላጠች ነበር። ነይ ቀበሌ እንሂድ አልኳት፣ ፎርሙን እንቀይራለን አልኳት። ቢላዋውን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። ከዚያ ድስቱን ለዘይነባ አደራ ብላ ሽርጧን እየፈታች ተከተለችኝ።

ያው ሹራብ የለበሰው ወጣት ነው። ለመለወጥ መጥተናል አልኩት። "ወደ ምን?" አለ። አፌን ከፈትኩ። አስተማሪ ነኝ፣ የተጠየቀ ነገር መሬት ላይ ወድቆ ማየት አልችልም። እንደምንም ዘጋሁት። ወደ ጽጌ ዞርኩ። መሬት አየች፣ እኔን አየች፣ "ወንድም ጋሼ ይናገር" አለች።

እኔ እዚያ ወንበር ላይ እስካለሁ ድረስ እንደማትናገር ያኔ ገባኝ። ተነሳሁ፣ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁ። ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ተራ ከሚጠብቁት ጋር ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ምንም አይሰማም ነበር። ከዚያ ድምፅ መጣ። የማላውቀው ድምፅ ነው። በሩ ወደ መንገድ የማይወጣ ከሆነ ምሳ የሚበላ ሰው እንዴት ያገኘኛል ትላለች። ከከሰል እስከ ሽንኩርት ተሸክማ አራተኛ ፎቅ እንደማትወጣ፣ የጋራ ማብሰያ ተራ እስክትጠብቅ የቢሮ ሰው የምሳ ሰዓቱ እንደሚያልፍ፣ እሷ የምትኖረው በዚያች የምሳ ሰዓት እንደሆነ ትናገራለች። ወጣቱ አንድ ነገር አላት፤ ድምፅዋ ወረደ፣ እንደገና ተነሳ። እሺ የመንገዱ ዳር ቤት ለሰው ከሄደ፣ የዚህኛው የግቢ በር ቀን ቀን እንዲከፈት ጻፍልኝ፣ ውኃውን እንድጠቀም ጻፍልኝ፣ እዚህ ጋ ጻፍ፣ እኔ ፊት ጻፍ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ "ጠበቃ ናት እንዴ?" አሉኝ። "እህቴ ናት" አልኳቸው።

ተጠርቼ ገባሁ፣ ከእሷ ፊርማ ሥር ፈረምኩ። ስንወጣ ዓይኗ ቀልቷል። አረንጓዴ በር ያለው ቤት ትናንት ከሰዓት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። እሷ የደረሳት ከበስተኋላው ያለው፣ በግቢ ውስጥ የሚገባ ነው። ማክሰኞ ጠዋት እሷ ብትናገር ኖሮ በሩ የእሷ ነበር። ይቅርታ ለማለት ቃል ስፈልግ "ወጡ ያርራል" ብላ ጥላኝ ሮጠች።

አዳራሹ ስመለስ ሞሉ ጨርሷል። የእኛን ዓምድ ከእኔ አስበልጦ እንዳመሰገነው፣ አስፋልቱ ላይ ብቻውን ብዙ ደቂቃ እንደቆየ ነገሩኝ። ኢትዮጵያዊው መምህር የት ሄደ ብለው ሲጠይቁት፣ ስለ ቤት ፖሊሲ አንድ ነገር ሊያጣራ ቀበሌ ሄዷል ብሏቸዋል። እጁን ጨበጥኩት።

ዓርብ

ጽጌ የዓርብ ምሳዋን ለዘይነባ ትታ ቃሊቲ ድረስ ሸኘችን። ለእኔ ዳቦና ቆሎ፣ ለሞሉ ከዘይነባ የተላከ አንድ ቋጠሮ በርበሬ። ሞሉ "አንቺ፣ ሞያሌ ነይ፣ በሁለት አገር ትጋበዢያለሽ" አላት። ሳቀች። እሱ ገብቶ ቦታችንን ያዘ፣ እኛ አውቶቡሱ በር ላይ ቀረን።

"ወንድም ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ?" አለችኝ።

ንገሪኝ አልኳት።

"ተቀይሜሃለሁ። ገና ሳትቀመጥ ነው የወሰንክልኝ። የአባባም ጊዜ እንደዚሁ ነበር። ያን ሰውዬ የመለስኩትም አንተ ስላልክ ነው።" ዓይኔን እያየች ነው የምትናገረው፤ ያየኋት የአንድ ቤት እመቤት ናት፣ ታናሽ እህቴን ፈልጌ አጣሁ።

ይቅር በይኝ አልኳት፣ ሹፌሩ ክላክስ እየነፋ።

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ። "እሺ" አለች፤ "ግን ዛሬ አይደለም። ስትደርስ ደውልልኝ።"

ገባሁና ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ከቃሊቲ እስኪወጣ አለቀስኩ፤ ሞሉ ወደ መስኮቱ ዞሮ የማያይ መሰለ። እህቴ ፊት ለፊት ቆማ አይሆንም ስትለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ አለኝ ብል ታምኑኛላችሁ?